ለማይጠና ፈተና ማጥናት

የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ሳለን ስለ አፕቲትዩድ የሚሰጠን ምክር አጭር ነበር፦ «እሱ አይጠናም»። ባዮሎጂ ይጠናል፣ ታሪክ ይሸመደዳል፣ አፕቲትዩድ ግን ያው የተፈጥሮ ነገር ነው፤ ያለው ይሠራዋል፣ የሌለው አይሠራውም። ይህን የሚሉን ልጆች ግን ራሳቸው ፎቶ ኮፒ ቤት ተሰልፈው የቆዩ የአፕቲትዩድ ጥያቄዎችን ያስባዙ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ያው ነገር ተደገመ። እኔ እዚሁ አገር ቤት ማስተርስ ለመቀጠል ለድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና እዘጋጃለሁ፤ ጓደኛዬ ደግሞ ውጭ ለመማር ጂአርኢ ልትፈተን ነው። ማታ ማታ አንድ ጠረጴዛ ላይ እንቀመጣለን። እሷ ስልኳ ላይ በሕይወቷ ሰምታቸው የማታውቅ የእንግሊዝኛ ቃላትን ታገላብጣለች፤ እኔ ዘጠነኛ ክፍል ትቼው የመጣሁትን የፐርሰንት ስሌት እንደ አዲስ እጀምራለሁ። አንድ ማታ ስልኳን ደፍታ ጠየቀችኝ፦ «ይሄ ነገር ችሎታ የሚለካ ከሆነ እኛ ምን እየሠራን ነው? የሚጠና ከሆነ ደግሞ ለምን የችሎታ ፈተና ይሉታል?»

መልስ አልነበረኝም። በኋላ ሳነብ ግን ጥያቄዋ የእሷ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። የእነዚህ ፈተናዎች የመቶ ዓመት ታሪክ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ጥያቄ ላይ የተካሄደ ክርክር ነው።

ከ1905 እንጀምር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት ሁለት የማይገናኙ የሚመስሉ ነገሮች ሆኑ። አንደኛው ቻይና ውስጥ ነው። ወደ 1300 ዓመት ገደማ የቆየው የመንግሥት ሹማምንት መምረጫ ፈተና በአዋጅ ቀረ። ያ ፈተና ሰውን ቀናት ሙሉ ጠባብ ክፍል ውስጥ ዘግቶ የሚያስጽፍ፣ የኮንፊሽየስን መጻሕፍት በቃል መያዝን የሚጠይቅ ነበር። አንዳንዱ ተፈታኝ ከውስጥ በሚለብሰው ልብስ ላይ ጽሑፉን በደቃቅ ፊደል ገልብጦ ይገባ ነበር፤ እንዲህ ያሉ ልብሶች ዛሬም ተቀምጠው ይታያሉ። ኩረጃ አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው።

ልብ የሚባለው ግን ይህ ነው፦ በዚያ ሁሉ ዘመን «ይህ ፈተና አይጠናም» የሚል አስተሳሰብ አልነበረም። የፈተናው ትርጉም ራሱ ማጥናቱ ነበር። የኛ የአብነት ተማሪ ዳዊቱን በቃሉ ሲይዝ «ተፈጥሮህ እየተለካ ነው» እንደማይባለው ሁሉ፣ ቻይናዊው ተማሪም የሚለካው የደከመበት ነገር ነበር።

ሁለተኛው ነገር የሆነው ፓሪስ ነው። በዚያው በ1905 አልፍሬድ ቢኔ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር ሆኖ ልጆችን የሚፈትንበት መለኪያ አወጣ። ዓላማው በመደበኛው ክፍል ወደ ኋላ የሚቀሩ ልጆችን ለይቶ የተለየ እገዛ እንዲያገኙ ማድረግ ነበር። ጥያቄዎቹ ከመጽሐፍ የሚሸመደዱ አልነበሩም፤ አስተውሎትን፣ ትውስታን፣ አመዛዝኖ መወሰንን የሚነኩ ነበሩ። የዘመናዊው አፕቲትዩድ አያት ይህ ነው።

ቢኔ ራሱ ግን የማሰብ ችሎታ የማይለወጥ ነገር ነው ብሎ አላመነም። እንዲያውም እንዲህ የሚሉትን ተቃውሟል። ወደ ኋላ ለቀሩት ልጆች ትኩረትንና ትውስታን የሚያጠነክሩ ልምምዶችን አዘጋጅቶ፣ ጎባጣ አጥንት እንደሚታረመው አእምሮም በልምምድ ይታረማል የሚል ሐሳብ ያራምድ ነበር። በ1911 ሞተ። መለኪያው ግን ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ሲደርስ ሐሳቡ አብሮት አልተሻገረም።

አሜሪካ ውስጥ መለኪያውን የተቀበሉት ሰዎች የሚፈልጉት ሌላ ነገር ነበር፤ ሰውን ከነተፈጥሮው ደረጃ በደረጃ መደርደር። ትልቁ አጋጣሚ የመጣው በ1917፣ አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ነው። ሮበርት የርክስ በተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ የሚመራ ቡድን ወደ 1.7 ሚሊዮን የሚጠጉ ወታደሮችን ፈተነ። ማንበብ ለሚችሉት «አልፋ»፣ ለማይችሉት ደግሞ በሥዕል የተሠራ «ቤታ» የተባለ ፈተና ተሰጠ። ተፈጥሮን ይለካል የተባለው አልፋ ግን በአሜሪካ ገበያ ስለሚሸጡ ዕቃዎች ስም ሳይቀር ይጠይቅ ነበር። ትናንት ከመርከብ የወረደ ጣሊያናዊ የምግብ ዘይት ምርት ስም ካላወቀ ነጥብ ያጣል።

ከቡድኑ አባላት አንዱ ካርል ብሪገም ይባላል። በ1923 የዚህን ፈተና ውጤት ይዞ መጽሐፍ አወጣ። የሰሜን አውሮፓ ዘር ከሁሉ በላይ፣ የደቡብና የምሥራቅ አውሮፓ ሰው ከእሱ በታች፣ ጥቁር አሜሪካዊ ደግሞ ከሁሉም በታች ነው ብሎ ደመደመ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እንይ። ብሪገም እጅ ላይ የነበረው መረጃ አንድ ግልጽ ነገር ያሳይ ነበር፤ አሜሪካ ብዙ ዓመት የኖሩ ስደተኞች ገና ከመጡት የተሻለ ውጤት ያመጣሉ። ማናችንም ብንሆን ይህን ስናይ «እንግዲህ ቋንቋውንና አገሩን ለምደውት ነው» እንላለን። ብሪገም ግን ፈተናው ተፈጥሮን ይለካል ብሎ ስለጀመረ ይህን መልስ መቀበል አልቻለም። ስለዚህ የቀደሙት ስደተኞች ከተሻለ ዘር፣ የኋለኞቹ ካነሰ ዘር የመጡ ናቸው አለ። «አይጠናም» የሚለው እምነት ዓይኑ ሥር ያለውን ማስረጃ እንዳያይ አደረገው።

ይህ ሰው ነው በ1926 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠውን ኤስኤቲን ያዘጋጀው። ስሙ ውስጥ ያለችው «ኤ» በዚያን ጊዜ «አፕቲትዩድ» ማለት ነበረች። ወደ 8000 የሚሆኑ ወጣቶች 315 ጥያቄዎችን በ97 ደቂቃ እንዲሠሩ ተሰጣቸው። የኛ የ12ኛ ክፍል አፕቲትዩድ ስያሜውንም ቅርጹንም የወረሰው ከዚህ መስመር ነው።

ለብሪገም ፍርድ እንስጠው ካልን ግን ሙሉውን እንናገር። በ1930 ይህ ሰው በጽሑፍ ወጥቶ የ1923ቱ ድምዳሜው መሠረት እንደሌለው አመነ። ቋንቋና አስተዳደጋቸው የተለያየ ሰዎችን በእንዲህ ዓይነት ፈተና ማወዳደር እንደማይቻል ተናገረ። በኋላም ፈተናዎችን ሁሉ የሚቆጣጠር አንድ ትልቅ ድርጅት እንዳይቋቋም ተከራከረ፤ ፈተና የሚሸጥ ድርጅት ስለ ፈተና እውነቱን መመርመር ይከብደዋል ብሎ ሰግቶ ነበር። በ1943 ሞተ። ድርጅቱ በ1947 መጨረሻ ተቋቋመ። ስሙ ኢቲኤስ ይባላል። ጓደኛዬ የምትመዘገበው እዚያ ነው።

አሁን ወደ ጂአርኢ እንምጣ። አመጣጡ ከኤስኤቲ ይለያል። በ1930ዎቹ አጋማሽ የካርኔጊ ፋውንዴሽን ከአራት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ማለትም ከሃርቫርድ፣ ከዬል፣ ከፕሪንስተንና ከኮሎምቢያ ጋር ሆኖ ፈተናውን አዘጋጀ። በ1937 ለመጀመሪያ ጊዜ የወሰዱትም የእነዚሁ ዩኒቨርሲቲዎች የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ነበሩ። ያኔ ፈተናው በአብዛኛው የትምህርት ፈተና ነበር፤ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ኪነ ጥበብ። አንድ ምሩቅ ምን ያህል ያውቃል የሚል ጥያቄ ነበር የሚጠይቀው። አፕቲትዩድ የሚባለው ክፍል፣ ቋንቋና ቁጥር ብቻ ያለው፣ የመጣው ኢቲኤስ ከተረከበው በኋላ በ1949 ነው።

ለምን መጣ? መልሱ ክፉ አልነበረም። ከጦርነቱ በኋላ የተማሪው ቁጥር ፈነዳ። አንዱ ከታወቀ ኮሌጅ ይመጣል፣ ሌላው ስሙን ማንም ከማያውቀው። ሁለቱ የተማሩት ኮርስ አይገጥምም። በድጋፍ ደብዳቤ እንዳይመርጡ፣ ደብዳቤ ማለት ያው ዘመድ ማለት ነው፤ ትልቅ ሰው የሚያውቅ ትልቅ ደብዳቤ ያመጣል። ስለዚህ ከኮርሱም ከዘመዱም በላይ የሆነ፣ ለሁሉም እኩል የሆነ አንድ ቁጥር ተፈለገ።

ይህን ሐሳብ ለመናቅ አልቸኩልም። የማይታወቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተምሮ፣ የሚደውልለት ሰው የሌለው ልጅ፣ ያ ቁጥር ብቸኛ ምስክሩ ሊሆን ይችላል። ይህን ከማንም በላይ የተረዳው ሰው ደግሞ፣ የሚገርመው፣ የፈተናውን ምሥጢር ያፈረሰው ሰው ነው።

ስታንሊ ካፕላን ይባላል። ኒውዮርክ ብሩክሊን ውስጥ የተወለደ፣ የአይሁድ ስደተኞች ልጅ። ሐኪም መሆን ይመኝ ነበር፤ ግሩም ውጤት ይዞ ቢያመለክትም የሕክምና ትምህርት ቤቶቹ አልተቀበሉትም። አይሁዳዊ በመሆኑና በመንግሥት ኮሌጅ በመማሩ እንደሆነ ያምን ነበር። ያኔ ለሕክምና የሚሆን አገር አቀፍ ፈተና ቢኖር ኖሮ ከሀብታሞቹ ኮሌጅ ልጆች እንደማላንስ አሳይ ነበር ብሎ ዕድሜ ልኩን ተናግሯል። ስለዚህ ካፕላን የፈተና ጠላት አልነበረም። ወዳጁ ነበር።

በ1938 በወላጆቹ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ማስጠናት ጀመረ። በ1946 አንዲት ተማሪ የኤስኤቲን ማብራሪያ ይዛ መጥታ አዘጋጀኝ አለችው። ማብራሪያው ይህ ፈተና አይጠናም የሚል መንፈስ ነበረው። ካፕላን አላመነም። እንዴት ነው የሒሳብና የንባብ ጥያቄ የማይጠናው? ማስተማር ጀመረ፤ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ፈተናው ባለቀ ቁጥር ተማሪዎቹን ሰብስቦ እየጋበዘ፣ እየተሳሳቁ የሚያስታውሱትን ጥያቄ እንዲነግሩት ይጠይቃቸው ነበር። እኛ ከፈተና አዳራሽ ወጥተን በር ላይ «አራተኛውን ምን መለስክ?» እንደምንባባለው ማለት ነው፤ ልዩነቱ እሱ ይጽፈው ነበር።

የፈተናው ባለቤቶች ለረጅም ዓመታት አቋማቸው አንድ ነበር፤ ሥልጠና እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አያመጣም። በ1970ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ጉዳዩን መመርመር ጀመረ። ካፕላን ደንበኛን እያታለለ ነው ከሚል ጥርጣሬ ነበር የተነሣው። በ1979 የወጣው ውጤት ግን የካፕላን ሥልጠና በቋንቋም በሒሳብም 25 ነጥብ ገደማ ሊጨምር እንደሚችል አሳየ። በ800 ለሚለካ ፈተና 25 ነጥብ ተአምር አይደለም። በኋላ የተደረጉ ጥናቶችም ጭማሪው ማስታወቂያው ከሚያወራው ያነሰ መሆኑን ነው ያሳዩት። ነገር ግን ክርክሩ ስለ ብዛቱ አልነበረም። አይጠናም የተባለው ነገር ይጠናል።

ከዚያ በኋላ ያለው የጂአርኢ ታሪክ የድመትና የአይጥ ታሪክ ይመስላል። በ1977 ሦስተኛ፣ የትንተና ክፍል ተጨመረ። ከውስጡ ሁለት ዓይነት ጥያቄዎች በአጭር ሥልጠና በቀላሉ እንደሚሻሻሉ የኢቲኤስ የራሱ ተመራማሪዎች አረጋገጡ፤ በ1981 ወጡ። በ1990ዎቹ ፈተናው ወደ ኮምፒውተር ተሸጋገረ። በ1994 የካፕላን ድርጅት ሠራተኞቹን ልኮ አስፈተነና ብዙ ጥያቄ በቃላቸው ይዘው እንዲወጡ አደረገ፤ ጥያቄዎቹ እንደሚደጋገሙ ለማሳየት ነው ብሎ ለኢቲኤስ ሰጠው። ኢቲኤስ አላመሰገነም። ፈተናውን ለጥቂት ጊዜ አቁሞ ከሰሰው።

ከዚያ ታሪኩ ወደ ቻይና ተመለሰ፤ የመሸምደድ አገር ወደነበረችው። ዩ ሚንሆንግ የተባለ የእንግሊዝኛ መምህር በ1993 ቤጂንግ ውስጥ «ኒው ኦሪየንታል» የሚባል ትምህርት ቤት ከፈተ። ቀይ ሽፋን ያለው የጂአርኢ ቃላት መጽሐፉ የአንድ ትውልድ ተማሪ ኪስ ውስጥ ገባ። በ2001 ኢቲኤስ ጥያቄዎቼን ያለ ፈቃድ አባዝቷል ብሎ ከሰሰው። በ2002 ደግሞ የፈተና ጥያቄዎች በኢንተርኔት እየወጡ ስላስቸገሩ፣ በቻይና፣ በታይዋንና በደቡብ ኮሪያ ፈተናው ከኮምፒውተር ወደ ወረቀት እንዲመለስ ተደረገ።

በመጨረሻ ኢቲኤስ ራሱ አፈገፈገ። በ2011 ፈተናው ሲሻሻል ተቃራኒ ፍለጋና የዝምድና ጥያቄዎች ቀሩ። «መጥረቢያ ለእንጨት ከሆነ፣ መቀስ ለምን ይሆናል?» የሚለው ዓይነት፣ የአፕቲትዩድ መለያ የነበረው ጥያቄ፣ ከጂአርኢ ተሰናበተ። በምትኩ ዐረፍተ ነገር ማሟላትና ንባብ ገባ። «አፕቲትዩድ» የሚለው ስምም ከጂአርኢ ላይ ቀደም ብሎ ተነሥቶ «አጠቃላይ ፈተና» ተብሏል፤ ከኤስኤቲም ላይ በ1990ዎቹ ተነሥቷል። ዛሬ «ኤ» ምንም ማለት አይደለችም። በ2023 ጂአርኢ ከሁለት ሰዓት በታች እንዲሆን አጠረ። እስከዚያው ብዙ የአሜሪካ የድኅረ ምረቃ ክፍሎች፣ በተለይ በሕይወት ሳይንስ ዘርፍ፣ ፈተናውን መጠየቅ አቁመዋል። በተቃራኒው ኤምአይቲ በወረርሽኙ ጊዜ ትቶት የነበረውን የመጀመሪያ ዲግሪ መግቢያ ፈተና በ2022 መልሷል፤ ጥሩ ትምህርት ቤት ያላገኙ ጎበዞችን ለማግኘት ይረዳኛል በሚል ምክንያት። ክርክሩ አላለቀም።

እኛስ? እኛ አገር በቅርብ ዓመታት የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አገር አቀፍ ሆኗል። የመውጫ ፈተናን አልፈን ሌላ በር ላይ እንቆማለን። «ጋት እኮ አይጠናም» የሚለው ወሬም አብሮ መጥቷል፤ ከሱ ጎን ለጎን ደግሞ በቴሌግራም የሚሸጠው የጥያቄ ጥራዝ። በ1946 ብሩክሊን የነበረው ሁሉ አለ።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ለጓደኛዬ የሰጠኋት መልስ እንዲህ የሚል ነበር። ፈተናው የሚለካው ባዶ ተፈጥሮን አይደለም። አንድም ቀን ለክቶት አያውቅም። የሚለካው በአብዛኛው ያሳለፍነውን ነው፤ ምን ያህል እንዳነበብን፣ በየትኛው ቋንቋ እንዳደግን፣ ሒሳብ ያስተማረን ሰው ማን እንደነበር፣ ሰዓት ይዞ መሥራትን ከዚህ በፊት እናውቅ እንደሆነ። በዚህ ላይ የየራሳችን ልዩነት የለም አልልም። ግን «የለኝም» ብሎ ፈተናውን ሳይነኩ መተው ብሪገም ያመነውን፣ በኋላ ራሱ የካደውን ነገር እኛ አምነን መቀበል ነው።

ስለዚህ ምን ይጠናል? ታሪኩ ራሱ ይነግረናል። በትንሽ ልፋት በቶሎ የሚለወጠው ከቅርጹ ጋር መለማመድ ነው፤ ጥያቄው ሲመጣ እንግዳ እንዳይሆንብን። ለጂአርኢ ኢቲኤስ ራሱ በነጻ የሚሰጣቸው መለማመጃ ፈተናዎች አሉ፤ ማንም ከሚሸጠው በፊት እነሱን ሰዓት ይዞ መሥራት ይቀድማል። ሒሳቡ ካልኩለስ የለውም፤ ስሌት፣ አልጀብራ፣ ጂኦሜትሪና መረጃ ማንበብ ነው፤ ማለት ከሁለተኛ ደረጃ አያልፍም። የረሳነውን ማደስ እንጂ አዲስ ጭንቅላት መግዛት አይጠይቅም። ስህተት ነጥብ አይቀንስም፤ ባዶ የሚተው ጥያቄ መኖር የለበትም። በዝግታ የሚለወጠው ቋንቋው ነው። የቃላት ዝርዝር ይረዳል፣ ግን ከባባድ ጽሑፍ በየቀኑ ማንበብን አይተካም። እሱ ደግሞ በወር የሚያልቅ ሥራ አይደለም፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

የማይጠናው ሌላው ነገር ነው። ከ200 ዶላር በላይ የሆነው የጂአርኢ ክፍያ አይጠናም። በዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው ዘመድ ፍለጋ አይጠናም። መብራት ሲጠፋ፣ ኢንተርኔት ሲቆራረጥ የሚባክነው ማታ አይጠናም። ሁለት ሰዎች ያንኑ ቁጥር ቢያመጡ፣ አንዱ አስተማሪ ቀጥሮ ሌላው በሥራ መውጫ ሰዓቱ ከሆነ፣ ቁጥሩ ይህን አይናገርም። እኩል ሚዛን የተባለው ነገር እኩል የሚሆነው ሁሉም መዘጋጀት ሲችል ብቻ ነው። «አይጠናም» የሚለው ወሬ ደግሞ የሚጎዳው ሌላ ማንንም ሳይሆን አምኖ ያላጠናውን ነው። ገንዘብ ያለውማ መቼም አምኖት አያውቅም።

ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ሰምታ ትንሽ ዝም አለች። «እንግዲያው» አለችኝ፣ «ያ ፎቶ ኮፒ ቤት የተሰለፉት ልጆች ልክ ነበሩ።»

ልክ ነበሩ። ጥፋታቸው አንድ ነው፤ ለኛ አልነገሩንም። ስልኳን አነሣች፣ ቀጣዩን ቃል ከፈተች፣ ጮክ ብላ አነበበችው። እኔም እንድሰማው።